የስፖርት ካርድ የሙከራ ኅትመት፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ስለ መለየት

በአሜሪካ አገር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ልማድ አለ። የሲጃራና የማስቲካ ነጋዴዎች ሸቀጣቸው በብዛት እንዲነሣላቸው በየፓኮው ውስጥ የታወቀ የኳስ ተጫዋች ሥዕል የታተመበትን ትንሽ ካርድ ያኖሩ ነበር፤ ልጆችም ካርዱን እየለቀሙና እርስ በርሳቸው እየተለዋወጡ በጫማ ካርቶን አጠራቅመው ያድጉ ነበር። ያ የልጅ መጫወቻ ዛሬ በሐራጅ የሚሸጥ ሀብት ሆኗል፤ ከዚህም የተነሣ በዚያ አገር አባት ወይም አያት በሞተ ጊዜ ከቤቱና ከገንዘቡ ጋራ የካርዱም ካርቶን በውርስ ዝርዝር ይገባል። ክቡራን አንባቢዎቻችን ስለ ካርዱ ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ካርዱ ከመወለዱ አስቀድሞ በማተሚያ ቤት ስለሚወጣው የሙከራ ቅጂ ነው፤ በዚህ ነገር ብዙ ቤተ ሰብ ሲታለል፣ ብዙ አዋቂ ነኝ ባይም ሲሳሳት ታይቷልና። በዚህ ጽሑፍ የሚመለከቱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊ ደብዳቤውን በንጹሕ ከመገልበጡ አስቀድሞ ረቂቁን ለአለቃው እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ አታሚም ካርዱን በሺህ ቈጥሮ ከማተሙ በፊት ጥቂት ቅጂ አውጥቶ ለባለ ሥራው ያቀርባል። ቀለሙ ተስማምቶ እንደ ሆነ፣ ስሙ ሳይሳሳት ተጽፎ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉም ከመስመሩ ሳይወጣ ገብቶ እንደ ሆነ በዚያ ቅጂ ላይ ይታያል። በአታሚዎች ቋንቋ ይህ ፕሩፍ ይባላል፤ እኛ የሙከራ ኅትመት እንለዋለን። ታይቶና ታርሞ የሚጣል እንጂ ለገበያ የሚወጣ አይደለም። እንዳይወጣ ታስቦ የተሠራው ነገር በአንድ አጋጣሚ ሲወጣ ግን ብርቅ ስለሚሆን፣ ሰብሳቢዎች ከተራው ካርድ ብዙ እጥፍ ይከፍሉበታል።

ተራውን ካርድ የመመርመሪያው መንገድ የታወቀ ነው። ወርዱና ቁመቱ የተወሰነ ነው፤ በጀርባው የኩባንያው ማስታወቂያ ወይም የተጫዋቹ ታሪክ ተጽፎበታል፤ በሺህ የሚቈጠር ጓደኛም ስላለው ጐን ለጐን አድርጎ ማመሳከር ይቻላል። የሙከራው ኅትመት ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ባዶ ነው፤ በመቀስ በእጅ የተቈረጠ ነው፤ ወረቀቱ ከካርዱ ወረቀት የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከቀለሞቹ አንዱ ወይም የተጫዋቹ ስም ይጐድለዋል። እንግዲህ በሌላ ካርድ ላይ ቢገኝ «ሐሰተኛ ነህ» የሚያሰኘው ጉድለት ሁሉ በዚህኛው ላይ የእውነተኛነት ምልክት ሆኖ ይቀርባል። አታላይም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የጐደለውን ሁሉ «ፕሩፍ ስለ ሆነ ነው» እያለ ይሸፍነዋል። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ከምርመራው አስቀድሞ ጥያቄውን አስተካክሎ ማንሣት ይገባል። «ይህ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በየትኛው ሰሌዳ፣ በየትኛው ዘመን፣ ለምን ጉዳይ ታተመ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አታሚ መኪናውን ሲያስነሣ ቀለሙ እስኪስተካከልለት ድረስ ብዙ ወረቀት ያበላሻል። ያንኑ የተበላሸ ወረቀት ደጋግሞ በመኪናው ስለሚያሳልፈው የአንዱ ተጫዋች ፊት በሌላው ላይ ተደርቦ ይገኛል፤ አንዳንዱም ጀርባው ሳይታተም ይቀራል። ይህ ውዳቂ ወረቀት በሠራተኛ እጅ ወይም ከጥራጊ ጋራ ከማተሚያ ቤቱ ይወጣል። ቀለሙ፣ ወረቀቱና ሰሌዳው ሁሉ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሊያርመው ብሎ አልተመለከተውም፤ ስለዚህ የሙከራ ኅትመት ሊባል አይገባውም። በገበያ ፕሩፍ ተብሎ ከሚቀርበው ውስጥ ጥቂት የማይባለው እንዲህ ያለ ውዳቂ ነው። ሰውም ከግዙፉ ሐሰት ይልቅ በዚህ በግማሽ እውነት ይታለላል፤ በአጉሊ መነጽር ቢያየው ምንም ነውር አያገኝበትምና።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ሰሌዳው ወይም ፊልሙ ሳይጠፋ ቆይቶ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ ወረቀት የታተመ አለ። ተራውን ካርድ በውኃ ነክሮ ፊቱን ከጀርባው በመግፈፍ ባዶ ጀርባ ያለው የሚያስመስልም አለ፤ ይህኛው ቀላል ነው፤ የተገፈፈው ወረቀት ይሳሳል፣ ጀርባው ይሻክራል፣ በስስ ሚዛን ቢመዘንም ከጓደኞቹ ቀሎ ይገኛል። በሌላ ወረቀት ላይ መልሶ ቢለጥፈው ደግሞ ጠርዙ ላይ የሙጫው መስመር በመነጽር ይታያል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ፤ ከምስክሮች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነውና። ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ በየሲጃራው ፓኮ ያኖራቸው ከ500 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ካርዶች በሰብሳቢዎች ዘንድ ቲ206 ይባላሉ፤ ወርዳቸው 3.7 ቁመታቸው 6.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቤዝቦል ለሚባለው ጨዋታ ስመ ጥር የሆነው የፒትስበርጉ ሆነስ ዋግነር ካርዱ ገና በመጀመሪያው ስለ ተቋረጠ፣ ዛሬ የሚታወቁት 60 ያህል ብቻ ናቸው። የተቋረጠበትን ምክንያት አንዳንዱ ልጆች ትምባሆ እንዲገዙ ስላልወደደ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ በክፍያ ስላልተስማማ ነው ይላል።

እነዚህ ካርዶች በደንጊያ ኅትመት የታተሙ ናቸው። በደንጊያ ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የተላገ ደንጊያ ይዘጋጃል፤ ሥዕሉ ቅባት ባለው ቀለም ይሳልበታል፤ ደንጊያው በውኃ ሲርስ ቅባቱ ያለበት ስፍራ ብቻ የማተሚያውን ቀለም ይቀበላል። ቀለሙ በበዛ ቍጥር ያው አንዱ ወረቀት ያን ያህል ጊዜ ይታተማል። ቀለሞቹም እንዳይዛነፉ ከሥዕሉ ውጭ በጠርዙ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ምልክት ይደረጋል፤ የሁሉም ቀለም መስቀል በአንድ ስፍራ ላይ ከወደቀ ሥራው ቀና ነው ማለት ነው። ካርዱ ሲቈረጥ ምልክቱ ተቈርጦ ይወድቃል፤ በሙከራው ቅጂ ላይ ግን ይቀራል። ታዲያ አታላይ ምልክቱን አይቶ ቢገለብጠውም መነጽሩ ይለየዋል። በእውነተኛው ላይ መስቀሉ ሙሉ ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ነው፤ የአንዱ ቀለም መስመር ከሌላው ጥቂት ተንሸራትቶ በጐኑ ይታያል። በፎቶግራፍ በተቀዳው ላይ ግን መስቀሉ ራሱ ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሰበሰበ ሆኖ ይገኛል። የተጫዋቹም ፊት እንዲሁ ነው፤ በደንጊያው ዘመን ጥላውን ያበጀው የሰው እጅ ስለ ሆነ ነጥቦቹ አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ ያለ ሥርዓት ተበትነዋል።

ከቲ206 የሙከራ ኅትመቶች ሁሉ የታወቀው ዋግነር ያለበት ነው። ብራውን፣ ዋግነር፣ ባወርማን፣ ያንግና ክሊንግ የተባሉ አምስት ተጫዋቾች ሳይነጣጠሉ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ይታያሉ። ወረቀቱ የተገኘው በዋግነር በራሱ ቤት ነው ተብሎ ይተረካል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ከመጫወቻ ልብሱ ኪስ ወጣ ይላል። ትረካው ያምራል። ዳሩ ግን ዋግነር በ1955 ስለ ሞተ እርሱን ጠርቶ መጠየቅ አይቻልም፤ መጠየቅ የሚቻለው ቀለሙንና ወረቀቱን ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ሥዕሉ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በመረብ ይከፈላል፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ውኃ ሰማያዊና ጥቁር በየራሳቸው ሰሌዳ ላይ በረድፍ በረድፍ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ዐሥር ጊዜ በሚያጐላ መነጽር ሲታይ አራቱ ረድፎች ተጠላልፈው ትንንሽ የጽጌ ረዳ ቅርጽ ይሠራሉ። አታሚው ቢጫውን ብቻ፣ ቀዩን ብቻ፣ ቢጫውን ከቀዩ ጋራ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሙሉው ድረስ ደረጃ በደረጃ ቅጂ ያወጣ ነበር። የቢጫው ቅጂ ነው የተባለ ወረቀት በመነጽር ሲታይ አንዲት የሰማያዊ ነጥብ ከተገኘችበት ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ሰማያዊው ሰሌዳ ገና አልነካውም ነበርና። ፊደሎቹም ይመሰክራሉ። በእውነተኛው ኅትመት ስሙ የተጻፈበት ፊደል ዳሩ የተሳለ፣ ውስጡ የሞላ ነው፤ ከታተመ ካርድ ላይ በተቀዳው ግን ፊደሉ ጭምር ወደ ነጠብጣብ ተሰባብሮ ይታያል። ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የተሠራው በረድፍ ያልሆነ እንደ ዝናብ የተበተነ ጭጋግ ያሳያል፤ በሌዘር ማተሚያ የተሠራው ደግሞ በፊደሉ ዙሪያ የጥቁር ዱቄት ብናኝ ይተዋል።

የሙከራ ኅትመት ከፍ ያለ ፍቅር የሚያገኘው ታሪክ የለወጠውን ነገር ሲያሳይ ነው። የብሩክሊኑ ቶፕስ ኩባንያ ለ1977 ካርዱን ሲያሰናዳ፣ ሬጂ ጃክሰን በ1976 ለባልቲሞር ሲጫወት ስለ ነበረ በባልቲሞር ልብስ አድርጎ የሙከራውን ኅትመት አወጣ። ጃክሰን ግን በ1976 በኅዳር ወር ለኒው ዮርክ ያንኪስ ፈረመ፤ ኩባንያውም በፎቶግራፉ ላይ የኒው ዮርክን ልብስ በቀለም አስቀብቶ ካርዱን አወጣ። የባልቲሞሩ ጃክሰን በሙከራው ቅጂ ላይ ብቻ ቀረ። በ1974ም የሳን ዲዬጎ ቡድን ወደ ዋሽንግተን ይዛወራል ስለ ተባለ፣ ቶፕስ ከቡድኑ ካርዶች አንዳንዶቹን «ዋሽንግተን» ብሎ አትሞ እስከ ገበያ አድርሷቸው ነበር፤ ቡድኑን ሬይ ክሮክ ገዝቶ በስፍራው አስቀረው። ይህን የመሰለ ታሪክ አታላይን ይጠራዋል፤ አንድ ተጫዋች ቡድን በለወጠበት ዓመት ሁሉ «የቀድሞው ልብስ ያለበት ፕሩፍ» መሥራት ይቻላልና። ሆኖም የ1977ቱ ካርድ ከላይ የቡድኑ ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ በሥዕሉም ላይ የተጫዋቹ ፊርማ የታተመበት ነው። አስመሳዩ የባልቲሞርን ስም ከሌላ ተጫዋች ካርድ፣ ፊርማውን ከኒው ዮርኩ ካርድ፣ ፎቶግራፉን ከሌላ ስፍራ ሲለቃቅም፣ ሦስቱ ልዩ ልዩ የነጠብጣብ ረድፍ ይዘው በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። በዚያው ዓመት ከታተመ ከማንኛውም ርካሽ የባልቲሞር ካርድ ጋራ በመነጽር ማስተያየት ነው። ያ ርካሽ ካርድ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ከውድ አዋቂ ምክርም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት እንበል። ከ1950 ገደማ ወዲህ ወረቀት ሠሪዎች ወረቀቱን የሚያነጣ መድኃኒት መጨመር ስለ ጀመሩ፣ አዲሱ ወረቀት በጨለማ ቤት አልትራቫዮሌት በሚባለው መብራት ሲታይ እንደ ሰማያዊ ፍም ያበራል፤ የቀደመው ወረቀት ግን ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የ1910 የሙከራ ኅትመት ነው የተባለው ቢያበራ ነገሩ አለቀ። ባያበራ ግን አላለቀም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ያልተጻፈበትን ቅጠል ገንጥሎ ማተም ይቻላልና። ወረቀቱን በሻይ ወይም በቡና ነክሮ የሚያስረጅም አለ፤ በእውነት ያረጀው ብዙ ጊዜ ከዳሩ ጀምሮ ይጠይማል፣ የተነከረው ግን ከመሐል እስከ ዳር አንድ ዐይነት ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ ክሮማሊን የሚባለው የሚያብለጨልጭ ባለ ድርብርብ ስስ ፊልም የሙከራ ቅጂ ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣ ሥራ ስለ ሆነ፣ ለ1980ዎቹ ካርድ የተገባ ምስክር ሲሆን የ1960 ካርድ ፕሩፍ ነው ተብሎ ቢቀርብ ግን ዘመኑ ራሱ ያጋልጠዋል።

አሁን ደግሞ የምስክር ወረቀት ጽፈው ስለሚሰጡት ኩባንያዎች እንናገር። ካርዱን ተቀብለው መርምረው በላስቲክ ሣጥን አሽገው ደረጃ የሚሰጡ ኩባንያዎች በአሜሪካ ብዙ ናቸው፤ ገዢውም የታሸገውን ሣጥን እንደ ዳኛ ፍርድ ይቀበለዋል። ከዋግነር ካርዶች ሁሉ የላቀ ደረጃ የተሰጠውና ቀድሞ ዌይን ግሬትስኪ የተባለው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ከሸሪኩ ጋራ የገዛው ካርድ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ግን ቢል ማስትሮ የተባለው ታላቅ የካርድ ነጋዴ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ የዚያን ካርድ ጠርዝ ራሱ እንደ ቈረጠው አመነ፤ በ2015 በማታለል ወንጀል የ20 ወር እሥራት ተፈረደበት። ካርዱ እውነተኛ ነበረ፤ ጠርዙ ግን አልነበረም። ለሙከራ ኅትመት ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስባል፤ ሰፊውን ቈርጦ ካርድ ማስመሰል፣ ከሉህ የተቈረጠውንም ፕሩፍ ነው ማለት እንዲህ ቀላል ነውና።

ከዚህ የባሰው በቅርቡ ሆነ። ፖኬሞን የሚባለው የጃፓን የካርድ ጨዋታ በ1996 ወጣ፤ ይህ የስፖርት ካርድ አይደለም፣ ነገር ግን ሰብሳቢዎቹም ሐራጁም አንድ ናቸው። ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ ተሠሩ የተባሉ ካርዶች በ2024 በብዛት ገበያ ላይ ታዩ፤ አንዳንዶቹም ከጨዋታው ፈጣሪዎች የአንዱ ፊርማ ነበረባቸው፤ አንድ የታወቀ መርማሪ ኩባንያም አሽጎ መሰከረላቸው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ሰብሳቢዎች ካርዱን በከፍተኛ ማጉያ አንሥተው ቢመለከቱ ዐይን የማያያቸው ቢጫ ነጥቦች አገኙ። ብዙ ባለ ቀለም የሌዘር ማተሚያዎች በሚያትሙት ወረቀት ሁሉ ላይ የማተሚያውን ቍጥርና የታተመበትን ጊዜ የሚናገር ምስጢራዊ የቢጫ ነጥብ ያኖራሉ፤ የዜሮክስ ኩባንያ ከሚሠራቸው ማተሚያዎች የአንዱን ምስጢር በ2005 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለ ማኅበር ፈትቶት ነበር። ነጥቦቹ ሲነበቡ ከካርዶቹ ብዙዎቹ በ1996 ሳይሆን በ2024 የታተሙ ሆነው ተገኙ። ፊርማውም፣ ማኅተሙም፣ የታሸገውም ሣጥን ያላየውን አንድ ቢጫ ነጥብ ተናገረው። ነጥቡን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በሰማያዊ መብራት ሲታይ ቢጫው ጥቁር መስሎ ይወጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት በውርስ ወይም በግዢ ወደ ቤት የገባ እንደ ሆነ ባለቤቱ ምን ያድርግ? አስቀድሞ እጁን ይሰብስብ። አይጠበው፣ በማስመሪያ አስይዞ ጠርዙን አያስተካክለው፣ በሙጫ አያጣብቀው፤ የተጨማደደው ጠርዝና የአታሚው የእርሳስ ጭረት ለዓይን ቢያስጠሉም የሚመሰክሩለት እነርሱ ናቸው። ቀጥሎም በማን እጅ እንደ ቆየ ሳይረሳ በጽሑፍ ያድርገው። አባትየው በማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረ እንደ ሆነ የሥራ ደብዳቤው፣ የደመወዝ ደረሰኙ፣ ከጓደኞቹ ጋራ የተነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ ከወረቀቱ ጋራ አንድ ላይ ይቀመጥ። ቶፕስ በነሐሴ 1989 የማኅደሩን ሥዕሎችና ኅትመቶች በኒው ዮርክ በሐራጅ ስለ ሸጠ፣ ከዚያ የተገዛ ዕቃ በሐራጁ መዝገብ ውስጥ ተራ ቍጥሩ ይገኛል፤ ሻጩ «ከዚያ ሐራጅ ነው» ካለ ቍጥሩን ይጠየቅ። ቍጥሩን የማያውቅ ሻጭ ከሐራጁ አልገዛም ማለት ባይሆንም፣ ዋጋው ግን ባለ ቍጥሩ ከሚጠይቀው ዋጋ ጋራ እኩል ሊሆን አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስበው ያልፋል። ሠራተኛው ወረቀቱን ከማተሚያ ቤት ያወጣው ተሰጥቶት ነው ወይስ በብብቱ ሸሽጎ ነው? ወረቀቱ በቀለምም በዘመንም ፍጹም እውነተኛ ሆኖ ሳለ የባለቤትነቱ ነገር ሊያከራክር ይችላል፤ ስለዚህ ልጆቹ ከመሸጣቸው በፊት ሕግ አዋቂ ቢያማክሩ ከኋላ ጣጣ ይድናሉ። ገዢውም ቢሆን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ዕቃው ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስለት በጽሑፍ ያስፈርም። «አይቼ ወድጄ ገዛሁ» የሚል ቃል በደረሰኙ ላይ ካለ በኋላ የሚመጣው ክርክር ረጅም ነው።

ወራሾቹ ብዙ ሲሆኑ የሚነሣው ጥያቄ ግን መቈረጥ ነው። በ1970ዎቹ የቶፕስ አንድ ሉህ 132 ካርድ ይይዝ ነበር፤ ያልተቈረጠ የሙከራ ሉህ በአንድ ቤት ሲገኝ «እንከፋፈለው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ሉሁ ሲቈረጥ በዳሩ ያለው የመስቀል ምልክትና የቀለም መፈተኛው መስመር ከቍርጥራጩ ጋራ ይወድቃል፤ አንዱ ካርድ ከሌላው ጐን መታተሙን የሚያሳየውም ማስረጃ ይጠፋል፤ በየልጁ እጅ የሚቀረው ባዶ ጀርባ ያለው፣ በመቀስ የተቈረጠ፣ ማንም «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅበት ብጣሽ ነው። ሉሁን በሙሉ ሸጦ ገንዘቡን መካፈል ይቻላል። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ያ የዋግነር ወረቀትም አምስቱን ሰዎች እንደ ያዘ፣ ታጥፎ የተጨማደደበትም ምልክት እንዳለበት፣ ሳይቈረጥ ቆይቷል።